የአባቴን ፊያት ላድሳት ወይስ ሞተሯን ልቀይር?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አዳማ ነው። አባቴ ካረፈ በኋላ ግቢያችን ውስጥ ሸራ ለብሳ የቆመች መኪና አለች። ፊያት 124 ስፖርት ኩፔ ናት። ሁለት በር፣ አራት የፊት መብራት፣ 1608 ሲሲ። የተሠራችው በ1971 እ.ኤ.አ. ነው። ከቆመች ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗታል። ሞተሩ በእጅ ሲዞር ይዞራል፤ ከሥር ግን ዝገት አለባት። አንድ መካኒክ አይቷት «ይሄን ሁሉ ጣጣ ምን አመጣው፣ የቶዮታ ሞተር ግጠምባት፣ ፍጥነትም ታገኛለህ» አለኝ። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ «ሽጣት» ይላል። እኔ ቅዳሜና እሁድ በገዛ እጄ ልሠራት ነው የምፈልገው። የመኪና ሙያ አልተማርኩም፤ የኤሌክትሪክ ሥራ ግን እችላለሁ። ከየት ልጀምር? ሞተሩንስ ልቀይር? ትንሽ ፈጠን ብትልልኝም ደስ ይለኛል።
የአባቱ ልጅ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ልጄ፣ አባትህን ነፍስ ይማር። ደብዳቤህ በጣም ነው ያስደሰተኝ። እነዚህ መኪኖች በየግቢው ሸራ እንደለበሱ እያለቁ ነው። በሥራ ዘመኔ ብዙዎቹን ፈትቼ ገጥሜያለሁ፤ መልሴ ቢረዝምብህ ታገሰኝ።

ሞተሩን አትቀይር።

መካኒኩ በክፋት አልመከረህም። የቶዮታ ዕቃ እውነትም እንደ ልብ ይገኛል። ግን ይህችን መኪና ስፖርት ያሰኛት ቅርጿ ብቻ አይደለም፣ ሞተሯ ነው። የነደፈው አውሬሊዮ ላምፕሬዲ ይባላል፤ ፊያት ከመግባቱ በፊት ለፌራሪ ትልልቅ ሞተሮችን የሠራ መሐንዲስ ነው። ቴስታታው ላይ፣ የሞተሩ ራስ ላይ ማለቴ ነው፣ ቫልቮቹን የሚከፍቱ ሁለት ካምሻፍት አስቀመጠ። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ይህ በአብዛኛው የውድ መኪኖች ነገር ነበር። ካምሻፍቶቹን የሚያዞረው ደግሞ ሰንሰለት ሳይሆን ጥርስ ያለው የጎማ ቺንጋ፣ ታይሚንግ ቤልት የሚባለው ነው። ስለዚህ ሞተሩ በርካሽ ተመረተ፣ ድምፁም ለሰለሰ። በኋላ ፊያት 131 አባርትንና ላንቺያ ዴልታን የዓለም ራሊ ሻምፒዮን ያደረጓቸው የዚሁ ሞተር ዘሮች ናቸው። ዴልታ ከ1987 እስከ 1992 እ.ኤ.አ. በየዓመቱ አሸንፋለች። ያንተን 1608 ፋብሪካው 110 የፈረስ ጉልበት ብሎ ነው የመዘገበው። ለዚያች ቀላል መኪና ይህ ከበቂ በላይ ነው።

ደግሞም የሌላ መኪና ሞተር ሲገባ ነገሩ በሞተር አያበቃም። ካምቢዮው፣ ወደ ኋላ እግር ኃይል የሚያደርሰው ዘንግ፣ የሞተሩ መቀመጫ፣ ራዲያተሩ፣ ማርሜታው ሁሉ ይነካል። ሊብሬህ ላይ የሞተር ቁጥር ተጽፏል። ቁጥሩ ሳይገናኝ ለዓመታዊ ምርመራ ብትቀርብ መልስ ማጣትህ ነው።

ሊብሬ ካነሳን አይቀር፣ በማን ስም ነው ያለው? በአባትህ ስም ከሆነ አንድ ብር ከማውጣትህ በፊት ከወንድምህ ጋር ቁጭ በሉ። የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ አውጡ፣ ተስማሙ፣ ስሙ ይዛወር። «ሽጣት» የሚለው እሱም ድርሻ ስላለው ነው። መኪናዋ ከታደሰችና ዋጋ ካወጣች በኋላ ይህ ጨዋታ ከባድ ይሆናል። አሁን ግን ቀላል ነው።

ወደ ዝገቱ እንግባ። መጀመሪያ ምንም አትፍታ። ካቻቢቴና ትንሽ መዶሻ ይዘህ ዙሪያዋን መርምር። ኮፈኑን ክፈትና ከፊት ሾክ አብዞርበሮቹ ላይኛ ጫፍ የሚያርፍበትን ላሜራ እይ፤ የእነዚህ መኪኖች የታወቀ ደካማ ቦታ ነው። ከዚያ በሮቹ ሥር ያለውን ረጅም ሳጥን፣ ምንጣፉን አንስተህ ወለሉን፣ የኋላው አክስል ክንዶች ከአካሉ ጋር የሚያያዙበትን፣ የፊት መስታወቱን ግርጌ፣ የዕቃ መጫኛውን ማዕዘኖች መርምር። ጤነኛ ላሜራ ስትመታው ጥርት ያለ ድምፅ አለው። የበሰበሰው ድምፁ የታፈነ ነው፤ ካቻቢቴውም ይገባል። ያገኘኸውን ሁሉ በኖራ ጠመኔ ክበብ፣ በስልክህ ፎቶ አንሳ።

ይህን ያህል የማስጨንቅህ ምክንያት አለኝ። መኪናዋ እንደ ጭነት መኪና ለብቻው የቆመ ሻንሲ የላትም። ክብደቱን የሚሸከመው ራሱ አካሉ ነው፤ በተለይ በሮቹ ሥር ያለው ሳጥን። ስለዚህ ባትላሜራው ሁለቱንም ጎን በአንድ ጊዜ እንዳይቆርጥ። አንዱን ጎን ቆርጦ፣ በይዶ፣ ጨርሶ ነው ወደ ሌላው የሚሄደው። አካሉ በደንብ ተደግፎ፣ በሮቹም በቦታቸው ሆነው ይሁን። ያለዚያ መሃሏ ይጎብጥና በሩ አልዘጋ ይልሃል። «በፋይበርና በስቱኮ እንሙላው» የሚልህን ደግሞ አትስማው። ስቱኮ የላሜራን ጉብጥብጥ ለማስተካከል ነው፤ ቀዳዳ አይሸከምም። ቆንጆ ቀለም ተቀብታ በዓመቷ ዝገቱ ቀለሙን የሚያፈነዳባት መኪና እያየሁ አዝናለሁ። ብየዳውን ለባለሙያ ስጥ፤ መፋቁን፣ ማጽዳቱን፣ አንቲረስት መቀባቱን አንተ ሥራው። ሲያልቅ በሳጥኖቹ ውስጥ ፈሳሽ ሰም ይረጭበት፤ ዝገቱ የሚጀምረው ከውስጥ ነው።

ቀጥሎ ፍሬን ነው፤ እዚህ ላይ ቀልድ የለም። መኪናህ በአራቱም እግሯ ዲስክ ፍሬን አላት፤ ለዘመኗ ትልቅ ነገር ነው። ግን ለዓመታት ስትቆም ዲስኩን ጨምቀው የሚይዙት የካሊፐሮቹ ፒስተኖች ይዝጋሉ። የፍሬን ዘይት ደግሞ እርጥበት ከአየር ይስባል፤ በውስጡ የተከማቸው ውኃ ብረቱን ይበላል፣ ሲግልም ይፈላና ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። የፍሬን ዘይቱ የሚያልፍባቸውን የጎማ ቱቦዎች ሁሉንም ቀይር። ከውጭ ደህና መስለው ከውስጥ አብጠው የተዘጉ ናቸው። ካሊፐሮቹን ፍታ፣ ጎሚኒያቸውን ቀይር፣ አዲስ ዶት 4 ዘይት ሙላ። የሞተር ዘይት ጠብታ እንኳ ከፍሬን ጎሚኒ ጋር እንዳይገናኝ፤ ያሳብጠዋል። አንድ ነገር አደራ፦ የኋላ ካሊፐሮቹን ፒስተን በመጫኛ አስገድደህ አትግፋ። የእጅ ፍሬኑ ስለሚሠራባቸው ፒስተኖቹ ወደ ውስጥ የሚገቡት እየተሽከረከሩ ነው። ብዙ ካሊፐር የተበላሸው በዚህ ብቻ ነው።

«ዕቃ ከየት ላምጣ?» ሳትለኝ አትቀርም። እዚህ ላይ ዕድለኛ ነህ። ያቺ የምታውቃት ላዳ የፊያት 124 ሴዳን ልጅ ናት። ሶቪየቶች ፈቃድ ገዝተው ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቶልያቲ ላይ አመረቷት። ስለዚህ በፊት እግርና በመሪ በኩል የሚመሳሰል ብዙ አለ፤ ቴስቲናና ጎሚኒ ስትፈልግ ከላዳ ዕቃ ጀምር። ሶማሌ ተራ ስትሄድ ግን አሮጌውን ዕቃ ይዘህ ሂድ። ጎን ለጎን አስቀምጠህ፣ በካሊፐር መለኪያ ለክተህ ነው የምትከፍለው። ሩሲያውያኑ ብዙ ነገር ቀይረዋል። የኋላ ዲስኩን በከበሮ ፍሬን ተክተዋል፤ ሞተሩም የራሳቸው ነው፣ ባለ ሰንሰለት። ለሞተርህ ከላዳ አትጠብቅ። የሞተሩን ጓርኒሲዮንና ቤልት ጣሊያን ወይም ሌላ የአውሮፓ አገር ካለ ዘመድ ጋር ተነጋግረህ አስመጣ። ሻንጣ ውስጥ የሚገባ ነገር ነው።

ሞተሩ በእጅ መዞሩ ጥሩ ምልክት ነው። ግን በሞተሪኖ ለማስነሳት አትቸኩል። ታይሚንግ ቤልቱ በቆመበት ደርቋል፤ ቢበጠስ ወይም ጥርስ ቢዘል ቫልቭ ሊታጠፍ ይችላል። መጀመሪያ ቤልቱን ከመወጠሪያው ኩሽኔታ ጋር ቀይር። ካንዴላዎቹን ፍታ፣ በየቀዳዳው ጥቂት ዘይት ጨምርና አሳድረው። በእጅ ስታዞር ሁልጊዜ ሞተሩ በሚሠራበት አቅጣጫ ይሁን እንጂ ወደ ኋላ አትመልሰው። የሞተር ዘይቱንና ፊልትሮውን ቀይር። የቤንዚን ታንኩን አውርደህ እጠብ፤ የቆየ ቤንዚን እንደ ሙጫ ሆኖ ካርቡሬተሩን ይዘጋል። ለመጀመሪያው ቀን ከንጹሕ ጀሪካን አጠጣት። ስትነሳ ዓይንህ የዘይት ግፊት ላይ ይሁን፤ ወዲያው ካልወጣ አጥፋ።

አዳማ ለሞተር ማቀዝቀዣ ከባድ ከተማ ናት። ሙቀቱን ታውቀዋለህ። ሌላው ከፍታው ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ1600 ሜትር በላይ ስለሆነች ውኃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ95 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሞተር የሚሠራበት ሙቀት ከዚያ ብዙም አይርቅም። ራዲያተሩ እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው። የላላ ክዳን ይዘህ ሞተር አወረድክ፣ ቴስታታ ቀየርክ ብትል መፍትሔ የለውም። አዲስ ክዳን፣ አዲስ ቴርሞስታት፣ የታጠበ ራዲያተር፣ በትክክለኛው ሙቀት የሚነሳ ፋን አድርግላት። የቧንቧ ውኃ ብቻውን አትሙላ። ቴስታታው አሉሚኒየም ነው፤ ኩላንት ከዲስትልድ ውኃ ጋር እኩል ቀላቅለህ ካልተጠቀምክ ከውስጥ ይበላዋል።

ስለ ፍጥነት ጠይቀሃል፤ አሁን መጣሁልህ። ወደ ላይ በወጣህ ቁጥር አየሩ ይሳሳል። እንዲህ ያለ ሞተር በየ1000 ሜትሩ ከኃይሉ ወደ 10 በመቶ ያጣል። ካርቡሬተሩ ግን አየሩ መሳሳቱን አያውቅም። ለሜዳ አገር የተለካውን ቤንዚን ማፍሰሱን ይቀጥላል። ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ቤንዚኑ ይሸታል፣ መኪናዋ ትከብዳለች። ሰው ይህን አይቶ ነው «ሞተሩ ደክሟል» የሚለው። የዌበር ካርቡሬተሮች ጄቶች፣ ቤንዚን የሚመጥኑት ትንንሽ የነሐስ ቀዳዳዎች ማለቴ ነው፣ በቁጥር የተለዩ ናቸው። አንድ ወይም ሁለት ደረጃ ዝቅ ያለ ጄት አድርገህ ንዳና ካንዴላውን እይ። ግራጫ ወይም ቀላ ያለ ቡኒ ከሆነ ልክ ነህ። ነጭ ከሆነ አሳንሰሃል፤ ሞተሩ ይግላል፣ መልሰው። ሁለት ካርቡሬተር ካላት ሁለቱ እኩል አየር እንዲስቡ አስተካክል። ካንዴላው የሚያቀጣጥልበትን ጊዜ ጥቂት ዲግሪ ማስቀደምም ይረዳል፤ ዳገት ላይ የማንኳኳት ድምፅ ከሰማህ ግን መልሰው። ለአዳማ የተስተካከለች መኪና አሰላ ስትወጣ እንደገና ትንሽ ትከብዳለች፤ አሰላ ከ2400 ሜትር በላይ ነው። አይግረምህ። ይህን ሥራ በትዕግሥት ከሠራህ፣ ከየትኛውም ከተገዛ ዕቃ ይበልጥ ፍጥነት ይሰጥሃል።

ማሻሻያውን በሚታይ ሳይሆን በሚጠቅም ነገር አድርገው። ለካንዴላዎቹ ኤሌክትሪክ በሚያከፋፍለው በዲስትሪቢውተሩ ውስጥ ያሉትን የመገናኛ ነጥቦች አውጥተህ ኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ ግጠም፤ ከውጭ ምንም አይታይም። የፊት መብራቱ ኤሌክትሪክ በማብሪያው በኩል ነው የሚያልፈው። አንተ ሙያው አለህ፤ ባትሪው ላይና አምፖሉ ላይ ቮልቱን ለካና ልዩነቱን እይ። በሪሌይ፣ ከባትሪው በቀጥታ በሚያደርስ ማብሪያ፣ ስታደርገው መብራቱ ሌላ መኪና ይመስላል። ባለ ሦስት ነጥብ የደህንነት ቀበቶ ግጠም። ሾክ አብዞርበሩን ቀይር።

ጎማው ጥሩ ቢመስልም አውጣው። ጎኑ ላይ ያሉት የመጨረሻ አራት አሃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይነግሩሃል። ቸርኬ ስትፈልግ ተጠንቀቅ። የመኪናህ አራት ብሎኖች የሚያርፉበት ክብ 98 ሚሊ ሜትር ነው፤ ብዙ ትንንሽ የጃፓን መኪኖች 100 ነው። በዓይን አይለይም። ብሎኑም የገባ ይመስላል፤ ግን ጠምሞ ነው የሚይዘው፣ እየነዳህ ሊፈታ ይችላል። የላዳ ቸርኬ 98 ነው። ያወጣኸውን የፋብሪካ ዕቃ ሁሉ በካርቶን አድርገህ፣ ስም ጽፈህ አስቀምጥ።

የመጀመሪያውን ጉዞ በፈጣን መንገዱ አታድርገው። ማለዳ ተነስተህ ወደ ሶደሬ መንገድ ቀስ ብለህ ሂድና ተመለስ። ግቢ ስትገባ አራቱንም ቸርኬ በእጅህ ዳስስ። አንዱ ከሌሎቹ ይበልጥ የሚያቃጥል ከሆነ የዚያ እግር ፍሬን አለቅም ብሏል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ እኔ የመኪና ነገር አላውቅም። የመጨረሻው ልጄ አሮጌ መኪና ገዝቶ ጓሯችንን ጋራዥ አድርጎታል። ቀን ሥራው ነው፣ ማታ እዚያ ነው። ቤንዚን እስከ መኝታ ቤት ይሸተኛል። መኪናዋን ብሎኬት ላይ አንጠልጥሎ ከሥር ሲተኛ ልቤ ይርዳል። ልከልክለው ወይስ ልተወው?
እናት፣ ከአዳማ

መልስ፦ እህቴ፣ አይከልክሉት። ግን ልብዎ የነገረዎት ሁሉ እውነት ነው፤ ይህን ገጽ ያስነብቡት።

አንተ ልጅ፣ ብሎኬቱን ዛሬውኑ አውጣ። ብሎኬት ውስጡ ክፍት ነው። ግድግዳ ውስጥ ክብደት ተከፋፍሎ ሲያርፍበት ይችላል፤ በአንድ ነጥብ ሲጫኑት ግን ሳያስጠነቅቅ ይፈረከሳል። ክሪክም ለማንሳት እንጂ ለመያዝ አይደለም፤ ዘይቱ ሊያፈስ ይችላል። ብረት በያጅ ዘንድ ሄደህ ወፍራም ባለ ሦስት ወይም ባለ አራት እግር መቆሚያ አሠራ። መሬቱ አፈር ከሆነ ከሥሩ ወፍራም ጣውላ አድርግ። ከመግባትህ በፊት መኪናዋን በእጅህ ወዝውዛት። ከገባህም ቤት ውስጥ ሰው ይኑር።

እርስዎ ደግሞ የሚሸትዎት ቤንዚን ዝም የሚባል አይደለም። ትነቱ ከአየር ይከብዳል፤ መሬት ለመሬት ተስቦ እሳት ያለበት ድረስ ይሄዳል። ጓሮ ውስጥ ቡና የሚፈላበት ከሰል ካለ ወደ ፊት ለፊት ይዛወር። ቤንዚን በውኃ ፕላስቲክ አይቀመጥ፤ ክዳኑ በሚጠብቅ ጀሪካን፣ ከቤት ርቆ፣ ጥላ ሥር። ብየዳ ሲኖር ታንኩ መጀመሪያ ወርዶ ከግቢው ጥግ ይውጣ፣ ባትሪውም ይፈታ። የዱቄት እሳት ማጥፊያ ይግዛ፤ ባልዲ አሸዋም ከጎኑ ይኑር። የተቀጣጠለ ቤንዚን ላይ ውኃ አይደፋም፤ እሳቱን ይዞ ይሄዳል።

አንድ የማይታይ ነገርም አለ። የድሮ ፍሬን ሸራና የፍሪሲዮን ሸራ አስቤስቶስ የሚባል ማዕድን ሊኖርበት ይችላል። አቧራው ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው የሚጎዳው። በኮምፕረሰር አያራግፈው፤ በውኃ አርጥቦ በጨርቅ ጠርጎ፣ ጨርቁን በላስቲክ አስሮ ይጣለው። የሥራ ልብሱም ከቤተሰቡ ልብስ ጋር እንዳይታጠብ።

ይህን ሁሉ ካደረገ ጓሮውን ይልቀቁለት። ማታ ማታ የት እንዳለ ያውቃሉ።

ጥያቄ፦ መኪናዬን ግቢዬ ውስጥ ራሴ ቀለም ብቀባት ምን ይመስልዎታል? ኮምፕረሰር አለኝ።
ከአዳማ

መልስ፦ ዝግጅቱን ራስህ ሥራ፤ የመጨረሻውን ቀለም ግን በተዘጋ የቀለም ክፍል አስቀባ። ነፋሳችን መብራት እያመነጨ ነው፤ የተተከሉትን ተርባይኖች ታያቸዋለህ። ያ ነፋስ ከሰዓት በኋላ አቧራውን ሁሉ ያልደረቀ ቀለምህ ላይ ነው የሚያራግፈው። ከማጠንከሪያ ጋር የሚቀላቀለው ዘመናዊ ቀለም ደግሞ ሲረጭ ለሳንባ አደገኛ ነው። የጨርቅ ማስክ አይከላከለውም፤ ጎረቤትህም ይተነፍሰዋል።

ለቀለም ጥሩነት ዘጠኝ እጁ ዝግጅት ነው፤ እሱ ደግሞ ጊዜ እንጂ መሣሪያ አይፈልግም። በካርታቢትራ ከሻካራው ጀምረህ ወደ ለስላሳው ሂድ። እርጥብ ስትፈቅ በውኃ አርጥበው፤ ባዶ ላሜራ ከታየህ ግን ዝገት ሳይጀምረው በዚያው ቀን አንቲረስት ይንካው። አንቲረስቱን ብቻ ቀብተህ ዝናብ ላይ ብዙ አታቁማት፤ እርጥበት ያሳልፋል። ለቀለም ቤቱ ከሥር የቀባኸውን የአንቲረስት ዓይነት ንገራቸው፤ ቆርቆሮውንም ይዘህላቸው ሂድ። የማይስማሙ ሁለት ቀለሞች ከተደራረቡ ላይኛው ይሸበሸብና ሥራው እንደገና ከላሜራ ይጀመራል።